የአባቴ ኮት መድረክ የወጣበት ቀን

እናንተ ዕድለኞች ናችሁ፤ በአንድ በር ገብታችሁ በዚያው በር የምትወጡበት ትምህርት ቤት ነው የተማራችሁት። የኔ ትምህርት ቤት ሁለት በር ነበረው። ከየካ ሚካኤል አለፍ ብሎ፣ ወደ ተራራው በሚወጣው ባሕር ዛፍ መካከል የተሠራ የግል ትምህርት ቤት ነው። የፊት ለፊቱ በር ሰፊ ነው፤ መኪና ያስገባል። የመኳንንቱና የትልልቅ ነጋዴዎቹ ልጆች በዚያ ይገባሉ። የጓሮው በር ጠባብ ነው፤ አህያ ያስገባል፣ ያውም ጭነቷ ካልሰፋ። በዚያኛው በኩል እንጨት፣ ድንች፣ ወተትና እኔ እንገባለን።

አባቴ ላምበረት አካባቢ ከብት አርቢ ነበር። በየማለዳው ወተቱን በቆርቆሮ ሞልቶ፣ በአህያ ጭኖ፣ ለትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ያመጣል። እኔ በዚያን ጊዜ የቄስ ትምህርት ቤት ተማሪ ነበርኩ፤ ከአህያዋ ኋላ ኋላ እየሄድኩ ዳዊቴን በቃሌ እወጣለሁ። አንድ ማለዳ ዳይሬክተሯ በጓሮ በኩል ስታልፍ ሰማችኝና ቆመች። አባቴን፣ አህያዋንና እኔን በየተራ አየችን።

«ይህቺ ልጅ ጎበዝ ናት» አለች።

እኔ ወንድ ነኝ። ዳይሬክተሯ ከባሕር ማዶ የመጣች ሴት ናት፤ ሁላችንም «ማዳም» ነው የምንላት። አማርኛ የተማረችው ከቤት ሠራተኛዋ ስለሆነ የምታውቀው «አንቺ»ን ብቻ ነው። ተማሪው አንቺ፣ ዘበኛው አንቺ፣ ለጉብኝት የመጣ ሚኒስትርም አንቺ ነው። በዚያ ግቢ ውስጥ የሰው ልጅ ሁሉ እኩል የነበረው በማዳም አማርኛ ብቻ ነው።

ብቻ በነጻ እንድማር ተፈቀደልኝ። በየዓመቱ መጨረሻ ግን «ይቀጥል ወይስ ይብቃው» ተብሎ ይመከርብኛል። የሚመክረው የወላጆች ኮሚቴ ነው። የኮሚቴው ሊቀመንበር አንድ ደጃዝማች ናቸው። የደጃዝማቹ ልጅ ደግሞ ከኔ ጋር አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ልጅ ሰይፈ ይባላል።

የደንብ ልብሳችን አንድ ዓይነት ነው፤ ማንም ከማንም እንዳይለይ ተብሎ የተሰፋ። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስም ማንም ከማንም አይለይም። በምሳ ሰዓት የሰይፈ ምሳ በመኪና ይመጣል። የኔ ምሳ ኪሴ ውስጥ ሆኖ ከኔው ጋር በእግሩ መጥቷል። ሰይፈ የኔን ሒሳብ ይገለብጣል፣ እኔ የሱን ምሳ እበላለሁ። በዓመቱ መጨረሻ እሱም አለፈ፣ እኔም ወፈርኩ።

ስምንተኛ ክፍል ስንደርስ ነው ጉዱ የመጣው።

የወላጆች ቀን የሚባል በዓል አለን። ለዚያ ቀን የአማርኛ አስተማሪያችን መምህር ገብረየስ ቴአትር ጻፉ። ርእሱ «ርኅሩኁ ጌታ» ይላል። መጋረጃው ሲከፈት ጌታው ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ጭሰኛው እግሩ ሥር ተንበርክኳል። ጌታው ስለ ደግነቱ ይናገራል። ከዚያ ስለ አባቱ ደግነት ይናገራል። ከዚያ ስለ ደግነት በአጠቃላይ ይናገራል። ጭሰኛው በየመካከሉ «አቤት ጌታዬ» ይላል፣ «ምሕረትዎን ጌታዬ» ይላል፣ በመጨረሻ «እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ» ብሎ እግር ይስማል። መጋረጃው ይዘጋል፤ ወላጆች ያለቅሳሉ። መምህር ገብረየስ ማልቀሳቸውን ሳይቀር ወረቀቱ ግርጌ ላይ ጽፈውት ነበር።

ጌታ እንዲሆን የተመረጠው ሰይፈ ነው። በዚህ ማንም አልተከራከረም፤ ከቤቱ ለምዶት ነው የሚመጣው። ችግሩ ሰይፈ ነገር በቃል አይዝም። አንዱን ዓረፍተ ነገር ሲጨርስ የሚቀጥለውን ዘልሎ ሌላ ደግነት ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ይስቃል፣ ከዚያ ውኃ ይጠጣል። መምህሩ ላብ በላብ ሆኑ። እኔ ከኋላ ቁጭ ብዬ በሹክሹክታ እየነገርኩት ልምምዱ ገፋ። በኋላ ሰይፈ ሰለቸው።

«መምህር፣ እሱ ጌታ ይሁን። እኔ ድሃ ልሁን። የድሃ አጭር ነው» አለ።

መምህር ገብረየስ ወደ ጣሪያው አዩ። «ደጃዝማች ምን ይሉናል?»

«ዋናው ተዋናይ ነኝ እላቸዋለሁ።»

መምህሩ ጣሪያውን ደግመው አዩና «እንግዲህ እርስዎ ካሉ» አሉ። ለሌሎቻችን «አንተ» ነበር የሚሉን፤ ለሰይፈ ግን ሲጨንቃቸው «እርስዎ» ታመልጣቸዋለች። እንደዚህ ሆኜ ነው ጌታ የተሾምኩት። ካባዬ የማዳም ሳሎን መጋረጃ ነበር፤ ቀይ ከፋይ ነው፣ ጠርዙ ላይ የወርቅ ጥብጣብ ተሰፍቶበታል። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለብሰው ድምፄ ወፈረ። ይህ በራሱ የመጣ ነገር ነው፤ እኔ ምንም አላደረግሁም።

ሰይፈ ደግሞ ድህነቱን ከልቡ ያዘው። መምህሩ አሮጌ ነጠላ ቢሰጡት እንቢ አለ።

«እውነተኛ ነው የምፈልገው» አለኝ በምሳ ሰዓት፤ እኔ ዶሮውን እየበላሁ ነበር። «እኛ ቤት ያሉ አሽከሮች ሁሉ ካኪ ነው የሚለብሱት፤ ቁልፋቸው እንኳ አልጎደለም። ድሃ አይመስሉም። እናንተ ቤት አይጠፋም አይደል?»

ልቆጣ አሰብኩ። ቢታሰብ ግን እውነቱን ነው፤ እኛ ቤት አይጠፋም።

ቅዳሜ ዕለት ሾፌሩን ሸኝቶ ከኔ ጋር በእግሩ ወደ ላምበረት ወጣ። ከዚያ በፊት ይህን ያህል መንገድ ሄዶ አያውቅም መሰለኝ፣ ጎጆ ባየ ቁጥር «ይሄ ነው?» ይላል። ስንደርስ እናቴ የተቀመጥኩበትን በርጩማ ከሥሬ ነጥቃ፣ በቀሚሷ ጠርጋ፣ ለሱ ሰጠችው። ወተት አቀረበችለት። ወዲያው አባቴ ከበረቱ ወጣ፤ ያንን ኮቱን ለብሷል።

ስለ ኮቱ ልንገራችሁ። ከጣልያን ጊዜ የቀረ ካፖርት ነው። ክርኑ ላይ ተጥፏል፣ መጣፊያው ላይ ሌላ መጣፊያ አለ። ትከሻው በከረጢት ጨርቅ፣ ጀርባው በእናቴ አሮጌ ቀሚስ ታድሷል። አባቴ «የጣልያን ኮት» ይለዋል፤ ጣልያን ግን ቢያየው የኔ ነው የሚል አይመስለኝም።

ሰይፈ ከበርጩማው ተነሣ። እሱን ያሳደጉት ሞግዚት ከረባት ያላሰረ ሰው ሁሉ «አንተ» ነው ብለው አስተምረውታል። የጓደኛ አባት ደግሞ «እርስዎ» ነው። አባቴ ከረባት የሌለው የጓደኛ አባት ሆኖበት ተቸገረ። እየቆመ፣ እየተንተባተበ፣ በመጨረሻ ሁለቱንም ትቶ፣ ማንንም በማይነካ አማርኛ ጠየቀ።

«እንዲህ ያለ ኮት... ከየት ነው የሚገዛው?»

አባቴ ኮቱን የሌላ ሰው ልብስ እንደሚያይ ሰው አየው።

«አይገዛም» አለ። «ቀስ እያለ ነው የሚመጣው።»

ሰይፈ ኮቱን ለቴአትሩ ሊዋስ ጠየቀ። በቤታችን ጸሎትና ሐሜት በአማርኛ፣ ምክርና ቁጣ በኦሮምኛ ነው። አባቴ ወደ እናቴ ዞሮ «ማል ጄዳ?» አላት፤ ምን ይላል ማለቱ ነው።

«ኮትህን ፈልገው ነው» አለች እናቴ።

«ምን ሊያደርጉት?»

«ድሃ ሊሆኑበት።»

አባቴ ትንሽ አሰበ። «እስከ መቼ?»

«ለአንድ ቀን ነው አባዬ» አልኩት።

«ለአንድ ቀን ከሆነ ይውሰዱት» አለና አወለቀ። ሱሪውንም ጨመረለት፤ ሱሪው ያለ ኮቱ ለብቻው የትም አይሄድም። እሱ ጋቢውን ለብሶ ቀረ። ሌላ ልብስ አልነበረውም።

በማግስቱ አይደለም፣ በሦስተኛው ቀን፣ የደጃዝማች ሾፌር አንድ ትልቅ እሽግ ይዞ ደጃችን መጣ። ነገሩ እንዲህ ነው። ሰይፈ ለእናቱ «የጓደኛዬ አባት ለቴአትሩ ልብሳቸውን አዋሱኝ» ብሏቸዋል። ልብሱን አላሳያቸውም፤ አልጋው ሥር ነው የደበቀው። ወይዘሮዋ ልጃቸው ዋና ተዋናይ ነው፣ ዋና ተዋናይ ጌታ ነው፣ የጌታ ልብስ ያዋሰ ሰውም ጌታ ነው ብለው አሰቡ። ለእንደዚህ ያለ ሰው ምትክ ሳይልኩ መቅረት ነውር ነው። ስለዚህ የባላቸውን አንድ ሙሉ ልብስ ከነሰደርያው፣ ከነከረባቱ፣ ከነባርኔጣውና ከነጫማው ላኩ።

አባቴ ወላጆች ቀን የመሄድ ሐሳብ አልነበረውም። እናቴ ግን ልብሱን ዘርግታ ካየችው በኋላ «እንግዲህ አንተም ወላጅ ነህ» አለችው። ከዚያ በፊት እንዳልነበረ ሁሉ።

በበዓሉ ማለዳ ከረባቱን ያሰርኩለት እኔ ነኝ። ልብሱ ልክ ሆነለት። ጫማው ግን ጠበበው፤ የደጃዝማች እግር ብዙ መንገድ ያልሄደ ትንሽ እግር ነው። ስለዚህ አባቴ አንዱን እግር አንሥቶ፣ ቆም ብሎ አስቦበት፣ ከዚያ ሌላውን ያነሣል። እንደዚያ የሚራመድ ሰው አገራችን ውስጥ ትልቅ ሰው ብቻ ነው። ላሞቹ በዓል አያውቁምና ወተቱ መድረስ ነበረበት፤ ጭነን ወጣን። በመንገድ ያገኘን ሰው ሁሉ ባርኔጣውን እያነሣ ከመንገድ ወጣልን። በግጦሽ ድንበር የተኮራረፈን ጎረቤታችን ከበቅሎው ወርዶ እጅ ነሣ። አህያችንን ያወቃት ካለፍን በኋላ መሰለኝ፣ ዞሬ ሳይ መንገድ መካከል ቆሞ ቀርቷል።

በጓሮ በር ወተቱን የምትቀበለው የወጥ ቤቱ አዛዥ እትዬ ጥሩነሽ ናት። አባቴን በየማለዳው ታየዋለች። የዚያን ቀን ግን ዓይኗ ከጫማው አልፎ ወደ ላይ አልወጣም።

«ውይ በሞትኩት፣ ራስዎ መጡ ጌታዬ? ቱሉ ታሞ ነው?» አለች። ቱሉ አባቴ ነው።

አባቴ ዋሽቶ አያውቅም። «ደኅና ነው» አላት።

አህያዋን እዚያው አሰረና፣ ወላጅ የሚገባው በፊት ለፊቱ በር ነው ስላልኩት ዞሮ ሄደ። በዚያ በር የሚቆመው ዘበኛ ሃምሳ አለቃ ነበርኩ የሚል ሽማግሌ ነው፤ ሌላ ቀን አህያችን ወደዚያ ካዘነበለች በዱላው ነው የሚመልሳት። ያን ቀን ተረከዙን አጋጭቶ ሰላምታ ሰጠ። አስተናጋጆቹም አባቴ ቀስ ብሎ ሲመጣ አይተው ለማን ይሆን ብለው ሳይጠይቁ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ፣ ደጃዝማች አጠገብ አስቀመጡት። እኔ ካባዬን ለመልበስ ወደ መድረኩ ኋላ ሄድኩ። የሁለቱን ወሬ ማታ አባቴ ነው የነገረኝ።

«የት አገር ነዎት?» አሉ ደጃዝማች።

«እዚሁ የካ።»

«ርስትዎ እዚህ ነው?»

«ነበር» አለ አባቴ።

«በምን ሥራ ላይ ነዎት?»

«ከብት አለኝ። የዚህ ትምህርት ቤት ወተት ከኔ ነው።»

ደጃዝማች ልባቸው ተነካ። «እግዜር ያክብርልን! ለልጆች እንዲህ የሚያስብ ሰው ነው የጠፋው» አሉ። ከዚያ የኮቱን ኮሌታ ደጋግመው አዩና ፈገግ አሉ። «ልብስ ሰፊያችን አንድ ሳይሆን አይቀርም።»

«ልብሱም አንድ ነው» አለ አባቴ።

ደጃዝማች እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ጨዋታ አዋቂ ሰው መስሏቸዋል።

ከመድረኩ ኋላ ግን ጨዋታ አልነበረም። መምህር ገብረየስ ገርጥተው መጡ። «ሰይፈ የለም።»

«ልብሱን ለብሶ ነበር እኮ።»

«ለብሶ ወጣ። አልተመለሰም።»

የዚያን ቀን ማታ ኮሚቴው ስለኔ ይመክራል። የሊቀመንበሩ ልጅ ደግሞ በኔ አባት ኮት ጠፍቷል። ማዳም ሰዓቷን አይታ እንግዶቹ እንዳይሰለቹ አንድ ትልቅ ሰው እንዲናገር ጠየቀች። ደጃዝማች ተነሡና «እኔ ሁልጊዜ ነው የምናገረው። ዛሬ ለልጆቻችን ወተት የሚለግሱት እኒህ ሽማግሌ ይመርቁን» አሉ።

«አንቺ ተነሺ፣ ተናገሪ!» አለችው ማዳም አባቴን።

አባቴ ንግግር አያውቅም። ምርቃት ግን ከሆነ በላምበረት ሠርግና ማኅበር ሁሉ የሚጠራ ሰው ነው። ተነሣ፣ ባርኔጣውን አወለቀ፣ እጁን ዘረጋ። ሽማግሌ ሲመርቅ ማን ይቀመጣል? ሚኒስትሩም፣ ነጋዴውም፣ ወይዛዝርቱም ብድግ አሉ። ማዳምም ያመለጣት ነገር እንዳለ ገምታ ተነሣች።

«ከብታችሁ ይርባ!»

«አሜን!»

«ላማችሁ መንታ ትውለድ!»

«አሜን!» አለ የገንዘብ ሚኒስቴር ባለሥልጣን።

«ጅብ ከበረታችሁ ይራቅ!»

«አሜን!» አሉ ባለ ጓንት እመቤቶች።

እሱ በዚያ ይቀጥል፣ እኔ ካባዬን ሰብስቤ ሮጥኩ። መጀመሪያ ወደ ፊት ለፊቱ በር ሄድኩና ሃምሳ አለቃውን «ኮት የለበሰ ልጅ አላዩም?» አልኩት። ካባዬን ሲያይ ተረከዙን አጋጨ።

«ኮት የለበሰ አላየሁም ጌታዬ። አንድ ቡትቶ የለበሰ ግን ከግቢ አስወጥቻለሁ። እጁን ዘርግቶ ስለ ማርያም አለኝ። በዚህ በዓል ቀን! ዞር በል ብለው 'የደጃዝማች ልጅ ነኝ' አይለኝም መሰለዎት? እኔም ጳጳስ ነኝ አልኩትና በዱላዬ ወገቡን ነካ አደረግሁት።»

ነገሩ ገባኝ። ሰይፈ ድሃ ይምሰል አይምሰል በዘበኛው ሊፈትን ወጥቷል፤ ፈተናውን አልፏል።

በአጥሩ ዙሪያ ሮጬ ጓሮ ደረስኩ። አህያችን ብቻዋን ቆማለች። በወጥ ቤቱ በር ብገባ፣ ልጅ ሰይፈ የአባቴን ኮት እጅጌ ጠቅልሎ፣ ትልቅ የውኃ በርሜል ፊት ቁጭ ብሎ የእንግዶቹን ብርጭቆ ያጥባል። እትዬ ጥሩነሽ ከበላዩ ቆማለች። በጓሮ በር ሲገባ ኮቱን ከሩቅ አይታ ቱሉ መጣ ብላ ነበር፤ ስትቀርብ ልጅ ሆኖ አገኘችውና የቱሉ ልጅ ነው፣ ደኅና ነው ቢሏትም አባቱ ታሞ ነው የመጣው ብላ ሥራ ሰጠችው።

«ሰይፈ! ተነሣ፣ ሰው ሁሉ እየጠበቀ ነው!»

«አልጨረስኩም» አለኝ በሹክሹክታ። ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም። «ሳትጨርስ ብትነሣ ወየውልህ ብላኛለች። ያኛውን ብርጭቆ ሳጥበው ሦስተኛዬ ነው፣ አሁንም ቆሽሿል ትላለች።»

አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሰው ያላዘዘው ልጅ ነው። እንዴት እምቢ እንደሚባል አልተማረም። እኔም በካባዬ ተመካሁና ድምፄን አወፍሬ «ይህን ልጅ እፈልገዋለሁ» አልኳት። እትዬ ጥሩነሽ ጥብጣቡን አይታ ጎንበስ አለች።

«ይውሰዱት ጌታዬ። ሥራም አይችል። ምን አድርጎ ነው?»

ሰይፈ ቀና አለና አየኝ። እጁን ይዤው ወጣሁ። ስንሮጥ «ምን አደረግሁ አሁን?» ሲል ሰማሁት፣ ግን ለኔ ያለው አልመሰለኝም።

ሜዳው ላይ ስንደርስ ምርቃቱ ገና ነው። አባቴ የአማርኛውን ጨርሶ ወደ ኦሮምኛው ገብቷል። ከአጥሩ ውጭ የቆሙት ሾፌሮችና ዘበኛው ቀድመው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይቀበላሉ፤ የፊት ረድፍ ትንሽ ዘግይቶ ይከተላል። ማዳም በሁለቱም እኩል «አሜን» ትላለች፤ ለሷ ልዩነት የለውም። መምህር ገብረየስ በመጋረጃው ቀዳዳ ምልክት ሲሰጡ ነው አባቴ «እንግዲህ ይቆየን» ብሎ የተቀመጠው። አገሩ ሁሉ ወንበሩ ላይ ወደቀ።

መጋረጃው ተከፈተ። እኔ ወንበሬ ላይ ነኝ። ሰይፈ እግሬ ሥር ነው፤ እጁ እስከ ክርኑ እርጥብ ነው፣ ኮቱ ላይ የድንች ልጣጭ ተጣብቋል። ወይዘሮዋ ልጃቸውን ፍለጋ አንገታቸውን ከግራ ወደ ቀኝ ያዞራሉ፤ መሬት ላይ ያለውን ግን አላዩትም። ስለ ደግነቴ ተናገርኩ። «አቤት ጌታዬ» አለ ሰይፈ። ስለ አባቴ ደግነት ተናገርኩ። «ምሕረትዎን ጌታዬ» አለ። ስለ ደግነት በአጠቃላይ ተናገርኩና እጄን ዘርግቼ «ምሬሃለሁ!» አልኩት። አሁን «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ እግሬን መሳም አለበት።

አልሳመም። ረሳው ብዬ በከንፈሬ ነገርኩት። ቀና ብሎ አየኝ።

«ምን አደረግሁ?» አለ።

ወረቀቱ ላይ የለም። ድምፁ ግን ጥርት ያለ ነበር፤ እስከ አጥሩ ተሰማ። ወደ መጋረጃው ዞሬ በሹክሹክታ «መምህር፣ ምን አድርጎ ነው?» አልኩ።

«አላሰብኩበትም!» አሉኝ መምህር ገብረየስ።

«ምን አድርጌ ነው ምሕረት የሚደረግልኝ?» አለ ሰይፈ እንደገና። «ቆሜ ነው የተመታሁት። ከዚያ ብርጭቆ እጠብ አሉኝ፣ አጠብኩ። አሁን ደግሞ 'ምሬሃለሁ' ይሉኛል። ምን አደረግሁ?»

እኔ በማዳም መጋረጃ ተጠቅልዬ አፌን ከፍቼ ቀረሁ፤ በቃሌ ከያዝኩት ደግነት ሁሉ ለዚህ የሚሆን አንድም የለም። ያኔ ከፊት ረድፍ አንድ ድምፅ መጣ።

«ልጄ፣ ጠየቀህ እኮ! መልስለት እንጂ!»

አባቴ ነው። ነገሩ ሁሉ ቴአትር መሆኑን ረስቶ ከወንበሩ ተነሥቷል።

ሰው ሁሉ ወደሱ ዞረ። ደጃዝማችም ዞሩ።

«ያ ጌታው የርስዎ ልጅ ነው?»

«አዎ፣ የኔ ነው።»

«ያኛውስ ማነው?»

«ያኛው የርስዎ ነው» አለ አባቴ። «ኮቱ ነው የኔ።»

ወይዘሮዋ ጮኹ። ሁለት እመቤቶች ደገፏቸው። ሾፌሮቹ የቴአትሩ መጨረሻ መስሏቸው አጨበጨቡ። ማዳምም አብራ አጨበጨበችና «ጎበዝ! በጣም ጎበዝ ናችሁ! አለቀ!» ብላ መጋረጃውን አዘጋች። ወረቀቱ ላይ እንደተጻፈው ያለቀሰ ሰው ቢኖር መምህር ገብረየስ ብቻ ናቸው።

ወዲያው እኔ፣ አባቴ፣ ሰይፈ፣ መምህሩ፣ ደጃዝማችና ወይዘሮዋ በማዳም ቢሮ ቆምን። ወይዘሮዋ የልጃቸውን እጅ ይዘው ጣቶቹን አንድ በአንድ ይመረምራሉ። «ልጄን እግሩ ሥር ያንበረከከ ልጅ ከዚህ ትምህርት ቤት ይውጣልኝ!» አሉ። እኔ ካባውን ለማውለቅ ሞከርኩ፤ ጥብጣቡ አንገቴ ላይ ተቋጥሮ እንቢ አለኝ። ጌታ ሆኜ ነው የተከሰስኩት።

ደጃዝማች ወደ አባቴ ዞሩ። «ወተቱ ታዲያ በልግስና አይደለም?»

«አይደለም። ትከፍለኛለች» አለ አባቴ ማዳምን እያሳየ።

«ይህ ልብስስ?»

«ወይዘሮ ናቸው የላኩልኝ።»

ደጃዝማች ሚስታቸውን አዩ። ወይዘሮዋ መስኮቱን አዩ። ከዚያ ደጃዝማች ልጃቸውን ጠሩት። «አንተስ ምን ትላለህ?»

ሰይፈ አሰበ። «እሱ ከወጣ እኔም እወጣለሁ» የሚል መስሎኝ ነበር፤ በልቤም ይህን በልልኝ ብያለሁ። እሱ ግን ሌላ ነገር ነው ያሳሰበው። «እትዬ ጥሩነሽ እየጠበቀችኝ ነው» አለ። «ብርጭቆው ታጥቦ አላለቀም።»

ወይዘሮዋ ወንበር ጠየቁ። የደጃዝማች ጢም መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሊቆጡ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ፊታቸውን በመሐረብ ሸፍነው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ሲጨርሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ልጁ ይቀጥል» አሉ። «ይህ የኔ ልጅ አራት ቃል አስተካክሎ ሲናገር ስሰማ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። ጥያቄውም ጥያቄ ነው።» ከዚያ መምህር ገብረየስን አዩ። «ቴአትር ግን ይቅር።»

ቴአትር ቀረ። መምህር ገብረየስ በሚቀጥለው ዓመት መዝሙር አዘጋጁ። መዝሙር ውስጥ ጌታና ድሃ የለም፤ ሁሉም አንድ ቃል ነው የሚለው፣ ማንም ማንንም አይጠይቅም። አሰላለፉም እንዳያከራክር በቁመት ይሁን ተባለ። ሰይፈ አጭር ነው፤ ፊት ረድፍ፣ መካከል ላይ ቆመ። እኔ ከሰው ምሳ የተነሣ ረዝሜአለሁና የኋላው ረድፍ ጥግ ደረሰኝ።

በዓሉ ደረሰ፣ ወላጆች ተቀመጡ፣ መዝሙሩ ተጀመረ። የመጀመሪያውን ቤት ጨርሰን ሁለተኛውን ስንጀምር ሰይፈ ከቦታው ወጣ። ቀስ ብሎ በረድፎቹ መካከል እየተሹለከለከ ወደ ኋላ መጥቶ አጠገቤ ቆመ፤ ትከሻዬ ሥር ሆኖ ቃሉን እየሳተ ይዘምር ጀመር። መምህር ገብረየስ በእጃቸው ምልክት ሰጡት፣ አላያቸውም። ከዚያ በዓይናቸው ሌላ ልጅ ወደፊት እንዲጠጋ ለመኑ። ግራና ቀኝ የቆሙት ልጆች ክፍቱን ቦታ አዩ፣ ፊት ለፊት የተቀመጡትን ደጃዝማች አዩ፣ ካሉበት አልተነቃነቁም። የደጃዝማች ልጅ ቦታ ነው፤ ማን ደፍሮ ይቆምበታል? ባዶውን ቦታ እንደዚያው ክፍት እንደሆነ ከበን እስከ መጨረሻው ዘመርንለት።